ከማንም ኋላ አልሰለፍም

ጥር 13፣ ጠዋት 3፡20

ዛሬም ሁለት ጀሪካን ብቻ። ወረፋ የያዝኩት ከንጋቱ 12 ሰዓት። ላይ ሰፈር ቀድቶ እስኪጨርስ ቆምኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ቆምኩ። የኛ የታች ሰፈር ተራ ሲደርስ ቦኖው ሁለት ጊዜ አስሎ ቀጥ። ጉልበቴ ዳቦ አክሏል። እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፍልሽ።

ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ።

የቦኖው ቁልፍ ደምሴ ኪስ ውስጥ ነው። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የላይ ሰፈር ሰው፣ የልጄ የቢንያም ክርስትና አባት። አበልጄ ነውና ክፉ ልናገረው አይገባም፤ ግን አንቺን ማንም አያነብሽም። ምንጩ ሲጎለብት ድንጋይ በጀርባው ተሸክሟል፣ ይህን አልክድም። ታዲያ ድንጋይ የተሸከመ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ይያዝ የሚል ሕግ የት አለ? ፈረቃውን ያወጣው እሱ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ሰፈር፣ ቀጥሎ፣ ከተረፈ፣ እኛ።

በዚህ ከቀጠለ እኔ አንኮበርን ለቅቄ ደ/ብርሃን ልጄ ጋ መጠጋቴ ነው። ያለ ውሃ ቤት የለም። በዚህ ጉልበት ደግሞ ወንዝ አልወርድም።

የካቲት 2 ምርጫ አለ። አመራረጣችንን ታውቂዋለሽ። ተመራጮቹ ት/ቤቱ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፣ ሰዉ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ ቄስ አባ ገ/ሥላሴ ይቆጥራሉ። ረጅሙ ሰልፍ አሸነፈ። ባለፈው ከደምሴ ኋላ 31፣ ከጌታነህ ኋላ 22፣ ከዘውድነሽ ኋላ 19። ጌታነህም ዘውድነሽም የታች ሰፈር ልጆች። አርባ አንድ ሰው ደምሴን አልፈለገም፤ ደምሴ ግን ተመረጠ፣ ተጨበጨበለትም። እኔም አጨብጭቤያለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ስል አላፍርም ወይ።

ዘንድሮም ሦስቱም ይወዳደራሉ።

ጥር 15፣ ከሰዓት

ከጌታነህና ከዘውድነሽ አንዳቸውን ውድድሩን ላስተው ወጣሁ። ሞኝ ነኝ።

መጀመሪያ ጌታነህ ጋ። በር ይበይዳል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነጋገረኝ። ተማሪዬ ነበር፤ ያኔ ክፍልፋይ አይገባውም ነበር፣ አሁንም አልገባውም። ከእሷ በሦስት ሰው በልጫለሁ፣ የምትለቀው እሷ ናት ባይ ነው። ቲቸር እርስዎ ራስዎ ያስተማሩን ትልቁ ቁጥር ይበልጣል ብለው አይደል ይለኛል። እንደዚያ ብዬ አላስተማርኩም።

ከዚያ ዘውድነሽ ጋ ወረድኩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የበግ ፀጉር እየፈተለች ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩት ትሸጣለች። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ፤ ስጨርስም አላቆመችም። እኔ ብለቅ አሥራ ዘጠኙ ሰዎቼ ወደ ጌታነህ ይሄዳሉ ያለሽ ማነው አለችኝ። ግማሾቹ ቤታቸው ይቀራሉ። እሱ ይልቀቅ፣ ወጣት ነው፣ ጊዜ አለው አለች።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተበላሸው እነሱ ጋ አይደለም፤ ሰልፉ ጋ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ መሰለፍ አይችልም። ጌታነህንም ዘውድነሽንም የሚቀበል ሰው አንዱን መካድ አለበት። ለምን? ማን ፈረደበት? የሚቀበለውን ሁሉ እቀበላለሁ ቢል ምን ይጎድላል?

ይህን ሳስብ ሽሮው አረረ። ቢያርም በላሁት።

ጥር 16

ወረዳው ውሃ ጽ/ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ልጅ እግር ነው፣ ትሁት፣ ወንበር ሰጠኝ። የአመራረጡን ደንብ መቀየር ይቻላል ወይ አልኩት። ደንቡ የእናንተ ነው እትዬ፣ ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ከፈቀደ በባቄላም ምረጡ ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ባቄላ ሳስብ መጣሁ። ሦስት ጣሳ፣ በየጣሳው የተመራጩ ጉርድ ፎቶ፤ ማንበብ የማይችልም ይለየዋል። ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ባቄላ። የምትቀበለው ሰው ጣሳ ውስጥ ጣል። አንዱን ብቻ ከሆነ ለአንዱ፣ ሁለቱንም ከሆነ ለሁለቱም። ብዙ ባቄላ ያለው ያሸንፋል። ማንም ማንንም አይሻማም፣ ማንም ልቀቅ አይባልም።

እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም።

አባ ገ/ሥላሴን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። ፂማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሙከራ አሳዪን፣ ሰዉ አይቶ ይፍረድ አሉ።

ጥር 18፣ እሁድ፣ 9 ሰዓት

ውርደት።

ጠረጴዛ አወጣሁ። ሦስት የቲማቲም ጣሳ ደረደርኩ። ሦስቱ ተመራጮች እንደ ሠርግ ሚዜ ከጣሳዎቻቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። እኔ፣ በገዛ እጄ።

ሰዉ አንድ በአንድ መጣ። የደምሴ ጣሳ ውስጥ ጣለ፣ ደምሴ አንገቱን ነቀነቀለት። ጌታነህን ቀና ብሎ አየው፣ የእሱም ጣሳ ውስጥ ጣለ። ዘውድነሽን እንዴት አልፎ ይሂድ? ለእሷም ጣለ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። የሚቀጥለውም። ሰባ ሁለት ቤት፣ አንድም ሰው ባቄላ በእጁ ይዞ አልተመለሰም። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ተነስተው አንዱ ለሌላው ጣለ።

አባ ቆጠሩ። ዘውድነሽ 72። ጌታነህ 72። ደምሴ 71። አንዷ ባቄላ መሬት ወድቃ የሰው በግ በልታታለች።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ደምሴ ተነስቶ ባቄላዋ ሁላችንንም መርጣለች፣ እንግዲህ ቁልፉን ለሦስት እንቁረጠው አለ። በሳቁ መሃል ደግሞ ጨመረ፤ የአባቶቻችን ሰልፍ ምን በደለን አለ። ሰዉ እውነት ነው አለ።

ጣሳዎቼን ሰብስቤ መጣሁ። ሕፃናቱ ባቄላ ባቄላ እያሉ እስከ በሬ ሸኙኝ።

ጥር 19፣ ጠዋት

አልወጣሁም። ውሃም አልቀዳሁም። የትናንቱን ትራፊ ጠጣሁ።

የመረረኝን ልንገርሽ። ትናንት እኔም ሦስቱም ጋ ጥያለሁ። ደምሴ አየኝ፣ አበልጄ አለኝ፣ እጄ በራሱ ሄደ። ይህን ሁሉ ነገር የጀመርኩት እሱን ላወርድ አይደለም እንዴ? ይሉኝታ ብላ ብላ እኔንም በላችኝ።

11 ሰዓት፦ ደምሴ መጥቶ ሄደ። ባዶ እጁን አልመጣም፣ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አሸክሞ ነው። ቁጭ አለ፣ ስለ ቢንያም ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ነገሩ። ለአንቺ እኮ ሰው ማዘዝ እችላለሁ፣ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ደጅሽ ይደርሳል፣ ለዚህ ብለሽ ከሰው ፊት ምን አስቆመሽ አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ያ ነው የሚያናድደው።

ለኔ ከሆነ ለጎረቤቴስ አልኩት። ለሁሉ ማዘዝ አልችልም አለ። አትዘዛ፣ ፈረቃውን አስተካክል አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ምንጩን ሲቆፍሩ ከታች ሰፈር ስንት ሰው ወጣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፣ ከወጡትም ካልወጡትም ስንቱ ሞቷል አልኩት።

ሳይሰናበተኝ ወጣ። ውሃውን አስቀርቻለሁ። ደግሞ ልመልሰው? ውሃው ምን አደረገ።

ጥር 22

ዘውድነሽ መጣች። እንዝርቷን ይዛ። ስቃ እንዳልሳቀች ሆና ጥፋቱ ባቄላው አይደለም፣ ዓይናችን ነው አለችኝ። ለሁሉም የጣለ ሰው የሰጠኝ ባቄላ የኔ አይደለም፣ አልኮራበትም። እኔ ሳላየው የሚጥልልኝ ስንት ነው? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።

ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። የስድስተኛ ሀ ክፍል በር ይዘጋል። ጣሳዎቹ ውስጥ ይሁኑ። መራጩ ብቻውን ይግባ፣ ተመራጭ ውጭ ይቀመጥ። በጣሳዎቹ ላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ፣ ማንም የማንንም ልክ እንዳያይ።

ግን የተረፈ ባቄላ በእጁ ይዞ የሚወጣ ሰውስ? በር ላይ ቆሞ የሚቆጥርለት አይጠፋም። እሱንም አሰብኩ። አራተኛ ጣሳ፣ ፎቶ የሌለው። የተረፈህን እዚያ ጣል። ሦስት ባቄላ ይዞ የገባ ሁሉ ባዶ እጁን ይወጣል።

ክዳኖቹን ጌታነህ ልቁረጥ አለ፤ ተመራጭ ነህ አትነካም አልኩት። ራሴ በሚስማርና በድንጋይ በሳሁ። አውራ ጣቴን መታሁት። ደህና ነው።

ጥር 26፣ ደ/ብርሃን

ለጉልበቴ ሐኪም ጋ መጣሁ። ብርዱ አጥንት ይበሳል። ሐኪሙ ከባድ ነገር አትሸከሚ አለኝ። እሺ ልጄ አልኩት። ምን ልበለው።

ከዚያ ቢንያም ጋ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣ። ክርስትና አባቱ ደውሎለታል። እናትህን ምከራት ብሎታል፤ ልጄም ሊመክረኝ ተቀመጠ። አሳፈርሽኝ እማዬ አለኝ። ሰው ባቄላ የምታስቆጥር ሴትዮ ልጅ እያለ ይቀልድብኛል። ለምን አትተይውም? እዚህ ነይ፣ ውሃ ግቢ ድረስ ይመጣል፣ አንድ ክፍል እጨምራለሁ።

ደብተሬ፣ ልቤ ተንቀሳቀሰ። ውሃ ግቢ ድረስ። አዛጋሁ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ግን እንዲህ አልኩት። እኔ ብሸነፍ እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው፣ ከየካቲት 2 በኋላ ዕቃዬን ትጭናለህ። ሳልሸነፍ ግን አልመጣም። ሸሽታ የመጣች እናት ለማንም አትጠቅምም፣ ቀኑን ሙሉ እያማረረች ትገድልሃለች። ትንሽ ሳቀ። የልጅነቱን ሳቅ።

ክርስትና አባቴ ካሸነፈስ፣ በባቄላሽም ቢሆን አለኝ። ያኔ ቁልፉ የሱ ነው፣ እኔም አፌን እይዛለሁ አልኩ። ስናገረው ነው እውነት መሆኑን እኔም ያወቅሁት። ደምሴን መጣል አይደለም የፈለግሁት። ሰው የሚያስበውን አንድ ጊዜ እንኳ ያለ አጃቢ እንዲናገር ነው።

የካቲት 2፣ እሁድ፣ ማታ 12፡30

በተራ ልጻፈው።

ጉባኤው ተሰበሰበ። አባ ጸሎት አደረጉ። ተነስቼ ተናገርኩ። በሩ ይዘጋ፣ ጣሳው ይከደን፣ ባለፈው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ደምሴ ተነሳ። የባቄላው ጨዋታ አልቋል፣ ሰው ማን እንደቆመለት በአደባባይ ያያል፣ የሚደበቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አለ። አጨበጨቡለት።

አባ ግራ ቀኙን አዩ። እንግዲህ ጉባኤው ይወስን አሉ። አዲሱን የምትፈልጉ ከቲቸር ኋላ፣ የድሮውን የምትፈልጉ ከደምሴ ኋላ ተሰለፉ።

አየሽ? ሰልፍ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለውን በሰልፍ። አባ ተንኮል የለባቸውም፣ ሌላ መንገድ አያውቁም እንጂ። ደምሴ መሃል ቆመ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ማን ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ሰዉ ዞሮ። ሰዉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ታች ሰፈር ሳይቀር። ባለፈው በጆሮዬ በርቺ ያሉኝ ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ተክለው ወደሱ ሲሄዱ አየሁ።

እኔ ከማንም ኋላ አልሰለፍም አልኩ። ድምፄ ከራሴ ቀድሞ ወጣ። ከኔም ኋላ ማንም እንዳይሰለፍ አልኩ። አንድም ሰው። ከኔ ኋላ የሚቆም ካለ እኔው ራሴ እገፋዋለሁ።

ከዚያ ሜዳው መሃል ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ነው መሰለኝ እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ።

ደምሴ ተነሽ አበልጄ፣ አይሆንም አለኝ። አልተነሳሁም። አባ ይህ ምን ይባላል አሉ። እንጃ አባ አልኩ።

ዘውድነሽ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እንዝርቷን አውጥታ መፍተል ጀመረች፣ ቤቷ ያለች ይመስል። ጌታነህ መጣ፣ አዲስ ሱሪውን አቧራ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ከታች ሰፈር። ሦስት። ከደምሴ ሰልፍ አንድ ሽማግሌ ወጥተው ወገቤን ብለው ተቀመጡ፤ ወገባቸው ሲያማቸው ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ አስካለ። የደምሴ ሚስት፣ አስካለ። የቤታቸው ድምፅ የደምሴ ነው፣ እሷ ልታይ ነው የመጣችው። ነጠላዋን አስተካክላ መጥታ ከፊት ለፊቴ ዘርፈጥ። አባ አስካለ አንቺ ድምፅ የለሽም አሏት። ድምፅ አልሰጠሁም አባ፣ ተቀመጥኩ እንጂ አለች።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ዝናብ እንደመታው ተቀመጠ። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር አልለይ አለኝ። ከደምሴ ኋላ የቀሩት አሥራ ምናምን ይሆናሉ፤ አባ ቆመው ቆጠሩን፣ እንደገና ቆጠሩን። የተቀመጠም ሰው ነው አሉ በመጨረሻ። የሚመጣው እሁድ በባቄላ፣ በተዘጋ በር።

ደምሴ ሚስቱን እጇን ይዞ አነሳት። ይህን ወደድኩለት።

የካቲት 6

ፈራሁ ደግሞ። በዝግ በር ደምሴ ቢያሸንፍ? ዕቃዬን በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ፤ ምን ይዤ ምን ልተው እያልኩ። መጽሐፎቹ ይሂዱ። ቁም ሳጥኑ በቢንያም በር አይገባም።

ካሸነፈ ያሸንፍ። ብሸነፍም በትክክል ልሸነፍ።

የካቲት 9፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ሰባ ሁለት ሰው አንድ በአንድ ስድስተኛ ሀ ገባ። አንዳንዱ ገብቶ ወዲያው ወጣ። አንዳንዱ ቆየ። አንዲት አሮጊት በጣም ቆዩብን፣ አባ በሩን ሊያንኳኩ ሲሉ ወጡ። ምነው ቢሏቸው በሕይወቴ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ሆኜ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው አሉ።

እኔም ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩበት ክፍል ነው፣ ሰሌዳው ላይ የልጆች ጽሑፍ አለ። ሦስት ባቄላ በእጄ። ሦስት ፎቶ። ማንም አያየኝም። ደምሴ በፎቶው ፀጉሩ ገና ጥቁር ነው።

ጣልኩ። ወጣሁ።

አባ ጣሳዎቹን ሜዳ ላይ አውጥተው በሰዉ ፊት ገለበጡ። ዘውድነሽ 51። ጌታነህ 46። ደምሴ 38። የቀረው አራተኛው ጣሳ ውስጥ፣ ሞልቶ።

ዘውድነሽ። ባለፈው ከሁሉ አጭሩ ሰልፍ የሷ ነበር። ላይ ሰፈርም ለሷ ጥሏል፤ ማን እንደጣለ ማንም አያውቅም፣ አይጠይቅም። ጌታነህ ትንሽ ከፋው፣ ከዚያ ተነስቶ አቀፋት። ደምሴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። እሷም እዚያው ቆማ ፈረቃውን ተናገረች። አንድ ቀን ላይ ሰፈር ይቀድማል፣ አንድ ቀን ታች። ነገ ታች።

ለቢንያም ደወልኩ። ክፍሉን አትሥራ አልኩት። ክርስትና አባቴስ እንዴት ነው አለኝ። ቆሟል አልኩት፣ ደህና ነው።

የካቲት 10፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አራት ጀሪካን። የሞሉ። ማመን አቃተኝ።

የመጨረሻውን ይዤ ከቦኖ ስመለስ ደምሴ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ጀሪካኑን ተቀብሎ አብሮኝ ሄደ። ሠላሳ ስምንት አለ። ባለፈው ሠላሳ አንድ ነበርኩ። ስመረጥ ከነበረኝ ሰው በላይ አግኝቼ ወረድኩ አበልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው። ትክክለኛ ሒሳብ ነው አልኩት። ሳቀ፣ ትንሽም ቢሆን ሳቀ።

ደጄ ስንደርስ ጀሪካኑን አስቀምጦ ቆመ። ከታች ሰፈር የጣሉልኝ ሰዎች አሉ አለ። አዎ፣ ያሉ ይመስላል አልኩ። ከነሱ አንዷ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። ዓይኔን እያየ። በዚያው በጥር 18ቱ ዓይን።

አልነግርህም አልኩት።

እኔ እኮ አበልጅሽ ነኝ አለ። አበልጄ ብትሆንም አልነግርህም። ለቢንያምም አልነግረውም፣ ለንስሐ አባቴም አልናገርም፣ ኃጢአት አይደለምና። ይህንን አንድ ነገር ብቻዬን አድርጌዋለሁ፤ ብቻዬን ይቆያል። ደምሴ ራሱን ነቀነቀና ወደ ላይ ወጣ። አልተቀየመኝም መሰለኝ። ቢቀየምም ይቀየም።

አንቺም ስትጠብቂ ነበር፣ አይደል ደብተሬ። ጉልበቴን ነግሬሻለሁ፣ ውርደቴን ነግሬሻለሁ፣ ሻይ ቤት ያለቀስኩትን ሳይቀር ጽፌልሻለሁ። ይህን ግን ለአንቺም አልጽፍም።